ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል



አማርኛ ለሦስቱ የቤት መጠጦቻችን ሦስት የተለያዩ ግሦች መድቧል። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ባለሙያዋ «አረቄ አወጣሁ» ትላለች እንጂ «አረቄ ጠመቅሁ» አትልም። ልዩነቱ ተራ የአነጋገር ልማድ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን ትልቅ ዕውቀት የተቀመጠበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሲጠመቅና ሲጣል እህሉ ወይም ማሩ ከውሃና ከጌሾ ጋር ሰንብቶ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ይሆናል። ማውጣት ግን ሌላ ነው። ውሃ ከጉድጓድ ይወጣል፣ ወርቅ ከምድር ይወጣል፤ የሚወጣው ነገር ከመውጣቱ በፊትም እዚያው ነበረ። አረቄ አውጪዋም ድፍድፉ ውስጥ ያለውን አልኮል ከውሃው ለይታ ታመጣዋለች እንጂ እሳቱ ላይ አልኮል አትፈጥርም። ኬሚስትሪ ስለዚህ ሥራ የሚለው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ግሣችን አስቀድሞ ብሎታል።

የዛሬው ንግግሬ በእንግሊዝኛ «ዲስቲለሪ» ስለሚባለው ነገርና ስለ ቃሉ አመጣጥ ነው። ይህን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው ግንብ፣ ረጅም የጭስ መውጫ፣ የሚያብረቀርቅ የመዳብ ጋንና ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለሙያ ነው። በደብረ ብርሃን ወይም በአርሲ ነገሌ በአንዲት እናት ጓዳ እሳት ላይ የተጣደውን እንስራ በዚህ ስም የሚጠራ የለም። እኔ የምከራከረው ይህ ስም መንፈግ ስህተት ነው ብዬ ነው። ዲስቲለሪን ዲስቲለሪ የሚያሰኘው ሥራው እንጂ ቤቱ አይደለም፤ የቃሉ የራሱ ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ይህን ከተቀበልን ለእነዚያ ጓዳዎች ያለብን ኃላፊነት ይለወጣል፤ እንዴት እንደሚለወጥ ሥራውንና ቃሉን ካየን በኋላ እመለስበታለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። እርሾ ስኳር በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ነገር ግን ራሱ በሠራው አልኮል ይመረዛል፤ አልኮሉ 15 ከመቶ አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው የእርሾ ዓይነት ሥራውን ያቆማል። ጠላማ እዚያም አይደርስም። ከዚህ የበረታ ነገር የፈለገ ሰው ወደ እሳት መሄድ ግድ ይሆንበታል። ንጹሕ አልኮል በባሕር ወለል ላይ በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ውሃ ደግሞ በ100። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ መጀመሪያ አልኮሉ በሙሉ ይወጣል፣ ውሃው ከዚያ በኋላ ይከተላል ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። ተቀላቅለው ሲፈሉ ሁለቱም አብረው ይተናሉ፤ እንፋሎቱ ግን ከፈሳሹ ይልቅ በአልኮል የበለጸገ ነው። 10 ከመቶ አልኮል ካለው ድፍድፍ የሚነሣው የመጀመሪያው እንፋሎት ወደ 50 ከመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል። እሳቱ በቆየ ቁጥር ድፍድፉ ይደኸያል፣ የሚወርደውም እየቀጠነ ይሄዳል። እንፋሎቱን በቧንቧ መርቶ ማቀዝቀዝና ጠብ ጠብ ሲል መቀበል፣ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚቀበሉ ማወቅ፤ የሙያው አጥንት ይህ ነው። ከማጥለል የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ጠላ በጨርቅ ሲጠልል አተላውን የሚያስቀረው የጨርቁ ቀዳዳ ነው። አልኮልን ከውሃ የሚለይ ጨርቅ ግን የለም፤ ያን የሚችለው ሙቀት ነው።

አሁን ወደ ቃሉ እንሂድ። በላቲን «ስቲላ» ማለት ጠብታ ነው። «ዴስቲላሬ» ደግሞ ጠብ እያለ ወደ ታች መውረድ። እንግሊዝኛ ግሡን በመካከለኛው ዘመን ወሰደውና «ዲስቲል» አለው፤ ዕቃውንም ከዚያው ቆርጦ «ስቲል» ብሎ ጠራው። «ዲስቲለሪ» የሚለው ስም የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲታይ ትርጉሙ የማውጣት ሥራና ሙያ ነበር። ሥራው የሚሠራበት ቤት በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። መጀመሪያ ጠብታው ስም አገኘ፤ ከጠብታው ግሡ፣ ከግሡ ዕቃው፣ ከዚያ ሙያው ተሰየመ። ቤቱ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ቃሉን ዛሬ ስንሰማ አስቀድሞ ግንብ የሚታየን እኛ የምንኖረው በቃሉ ታሪክ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው።

ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ደግሞ መጠጥ አላሰቡም። አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ውሃ ተንኖ ሲመለስ ጨዋማ እንደማይሆን ጽፏል፤ ሐሳቡ ያኔ ነበረ። ዕቃውን በዝርዝር የምናገኘው ግን በግብፅ፣ በግሪክኛ በጻፉ የአልኬሚ ባለሙያዎች ዘንድ ነው። በ300 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ የኖረው የፓኖፖሊሱ ዞሲሞስ ሦስት አፍንጫ ያለው የማንጠሪያ ዕቃ ሲገልጽ ዕውቀቱን የሚሰጠው ከእርሱ ለቀደመች አንዲት ሴት፣ ለማርያም አይሁዳዊት ነው። የመዳብ ቧንቧው ምን ያህል ውፍረት ሊኖረው እንደሚገባ ሲነገርም መለኪያው የጋጋሪ መጥበሻ ነው፤ ከዚያ ትንሽ ይወፍር ነው የተባለው። ስማቸው ከተመዘገበ ቀደምት የሙያው ሰዎች አንዷ ሴት መሆኗና የዕቃዋ ልክ ከማዕድ ቤት መወሰዱ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ነገር ነው። የዕቃው ራስ በግሪክኛ «አምቢክስ» ይባል ነበር፣ ጽዋ ማለት ነው። ዐረቦች ተቀብለው የራሳቸውን መስተአምር ጨመሩበትና «አል አንቢቅ» አሉት፤ አውሮፓም ከእነርሱ ተቀብሎ «አለምቢክ» ብሎ እስከ ዛሬ ይጠራዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የነበረው ፈላስፋ አል ኪንዲ ስለ ሽቶና ስለ ማንጠር የጻፈው መጽሐፍ ከመቶ በላይ አሠራሮችን ይዟል። ከአንቢቁ ጠብ የሚለው በዋናነት የጽጌረዳ ውሃና መድኃኒት ነበር። የዕቃው ስም መጠጥ ከማይፈቀድበት እምነት ቋንቋ መምጣቱ እንቆቅልሽ የሚሆንብን ዕቃው ለአረቄ ብቻ የተሠራ ከመሰለን ነው።

የእኛ «አረቄ» ከዚሁ ቋንቋ የመጣ ነው። በዐረብኛ «ዐረቅ» ላብ ማለት ነው። ሰው ሲሞቀው ላብ በግንባሩ እንደሚያቸፍ ሁሉ የዕቃው ክዳንም በውስጡ በኩል ያልበዋል፤ ላቡ ተሰብስቦ ይወርዳል። ቃሉ ከነጋዴውና ከመርከበኛው ጋር ብዙ አገር ዞሯል። በሊባኖስና በሶርያ አራክ፣ በቱርክ ራኪ፣ በባልካን ራኪያ፣ በስሪ ላንካ ከኮኮናት አበባ ፈሳሽ የሚወጣው አራክ፣ በሞንጎልያ አርኪ ሆኗል፤ እኛ ዘንድ አረቄ። አንዱ ከወይን፣ አንዱ ከእህል፣ አንዱ ከኮኮናት፣ አንዱ ከወተት ይወጣል። ጥሬ ዕቃው ከአገር አገር ሲለዋወጥ ላቡ ብቻ አልተለወጠም። «አልኮል» የሚለው ደግሞ ከዚህም የቀረበ ዘመዳችን ነው። «አል» የዐረብኛ መስተአምር ነው፤ ቀሪው «ኩሕል»፣ ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉበት የእኛው ኩል ነው፣ በግእዝ ኵሕል። ቃሉ በመጀመሪያ እጅግ የደቀቀ ዱቄት ማለት ነበር፤ ከዚያ የማንኛውም ነገር ረቂቅ ክፍል ማለት ሆነ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሙ ፓራሴልሰስ የወይንን ረቂቅ «አልኮል ቪኒ» ብሎ ጻፈ፤ ውሎ አድሮ ወይኑ ቀረና አልኮል ብቻውን ቆመ። አዲስ አበባ ያለው አንጋፋ ድርጅት ስሙ «ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ» ነው። በዚህ ስም ውስጥ ኩልና ላብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በአውሮፓ ወይን ሲነጠር የሚወጣውን የሚነድ ውሃ በግልጽ የሚገልጹ የላቲን ጽሑፎች የታዩት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከሳሌርኖ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋርም ይያያዛሉ። ሐኪሞቹ ፈሳሹ ውሃ መስሎ መንደዱ ስላስደነቃቸው መጀመሪያ የሚነድ ውሃ፣ ኋላም «አኳ ቪቴ»፣ የሕይወት ውሃ አሉት። የስኮትላንድና የአየርላንድ ጌይልኛ ይህንኑ ተርጉሞ «ኡሽከ ባሃ» አለ፤ ከዚያ «ውስኪ» ተወለደ። ሆላንዶች «የተቃጠለ ወይን» ያሉት ብራንዲ ሆነ። ስላቮች ደግሞ ውሃን አቆላምጠው ቮድካ አሉት። እነዚህን ስሞች አንድ ላይ ስናያቸው ጠብታ፣ ላብ፣ ውሃና እሳት እናገኛለን። የመጠጡም ሆነ የዕቃው ስም ከግንብ ወይም ከማሽን የመጣ አይደለም። ለሰው ልጅ የገረመው ከድፍርሱ ነገር ጥርት ያለው መውጣቱ ነው።

ቤቱ ታዲያ መቼ መጣ? ስኮትላንድን እንይ፤ ታሪኩ በሚገባ ተጽፎ ይገኛልና። የውስኪ ቀደምት ማስረጃ የሚባለው በንጉሡ ግምጃ ቤት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1494 የሰፈረ አንድ መስመር ነው፤ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ «አኳ ቪቴ» እንዲያወጣበት ስምንት ቦል (የእህል መስፈሪያ ነው) ብቅል መሰጠቱን ይናገራል። መዝገቡ ብቅሉንና መነኩሴውን ጠቀሰ፤ ፋብሪካ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ገበሬው ከመኸር የተረፈውን ገብስ በቤቱ ያወጣ ነበር፤ ለራስ ፍጆታ በቤት ማውጣት የተከለከለው በ1781 ነው። ክልከላው ሥራውን አላስቀረውም፣ ወደ ሸለቆና ወደ ዋሻ አሸሸው እንጂ። በ1823 የብሪታንያ ፓርላማ መንገዱን ለወጠና በዓመት 10 ፓውንድ ለሚከፍል ሰው ፈቃድ መስጠት ጀመረ። በሚቀጥለው ዓመት በግሌንሊቬት ሸለቆ ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ገበሬ ፈቃድ አወጣ። ጎረቤቶቹ ቤቱን እናቃጥላለን ብለው ስለዛቱበት ሽጉጥ ታጥቆ ይሠራ ነበር። ይህ ሰው ከፈቃዱ በፊትና በኋላ የሠራው ያንኑ ብቅል አፍልቶ ማውጣት ነው። ከገብሱ፣ ከውሃውና ከእሳቱ ይልቅ የተለወጠው መንግሥት ቤቱን የሚያይበት ዓይን ነው። ፈቃዱን ተከትለው መለኪያው፣ መዝገቡ፣ ታክሱና ተቆጣጣሪው መጡ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የስኮትላንድ ዲስቲለሪ የተሠራው በእነዚህ ነው።

አሁን ወደ እኛው ጓዳ እንመለስና ሥራውን ከስኮትላንዱ ጋር እናስተያየው። የተፈጨ ብቅል ከጌሾ ቅጠልና ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። ጥቂት ቀናት ከሰነበተ በኋላ ከዳጉሳ፣ ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ድፍድፉ ያለ እሳት ይፈላል። (አማርኛ ለዚህም ለእሳቱም መፍላት አንድ ቃል መጠቀሙ ትክክል ነው፤ ያለ እሳት መፍላቱን የሚገልጸው የላቲኑም ቃል እንዲሁ ከመፍላት የመጣ ነውና። አረቄ ሁለት ጊዜ ይፈላል ማለት እንችላለን።) ብቅሉ እዚህ ለጣዕም የገባ አይደለም። እርሾ የእህልን ስታርች መብላት አይችልም፤ ስታርቹን ቆርጦ ስኳር የሚያደርግለት በበቀለው ገብስ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። ስኮትላንዳዊውም ገብሱን የሚያበቅለው ለዚሁ ነው። ከዚያ ድፍድፉ በእንስራ ወይም በብረት ዕቃ ይጣዳል፤ አፉ በጭቃ ወይም በእበት ይመረጋል። ከእንስራው የተዘረጋ ሸምበቆ እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ መቀበያ ይመራዋል፣ ውሃው በሞቀ ቁጥርም ይለወጣል። አንድ ጊዜ የወጣው ተራ አረቄ ነው። ተመልሶ ተጥዶ ሲወጣ ዳግም አረቄ ይባላል፤ ወደ 45 ከመቶ አልኮልም ይደርሳል። ስኮትላንድ ውስጥም የብቅል ውስኪ በተለምዶ የሚወጣው ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ጋን ከ20 እስከ 25 ከመቶ የሆነ ደካማ ፈሳሽ ይሰጣል፣ ሁለተኛው ወደ 70 ያደርሰዋል፣ ኋላ በውሃ ይበረዛል። የእኛ «ዳግም» የነእርሱን ሁለተኛ ጋን ሥራ በአንድ ቃል ይገልጸዋል። አተላው ለከብት መዋሉ እንኳ አንድ ነው፤ የስኮትላንድ ከብቶች የብቅሉን ተረፈ ምርት ይበላሉ፣ በደብረ ብርሃንም የአረቄ አተላ ከብት ያደልባል። ልዩነት ካለ ተራራው ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ዝቅ ባለ አገር ስለ ሙቀት የተጻፈ መመሪያ ሳይስተካከል አይሠራላትም። ይህ ልዩነት እንኳ ለእነዚህ እናቶች የሚሆን የራሳቸው ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ነው።

ከአድማጮቼ መካከል ፋብሪካው በዓይነቱ ሌላ ነው የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩ መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1830 ኢኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ ድፍድፉ በአንድ በኩል ያለማቋረጥ እየገባ በሌላ በኩል አልኮሉ እየወጣ የሚሠራ ባለ ዓምድ ዕቃ በስሙ አስመዘገበ። ሰውየው ቀደም ሲል የመጠጥ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ነበር። ዓምዱ ውስጥ እንፋሎቱ ደጋግሞ ይቀዘቅዛል፣ ደጋግሞ ይተናል፤ ተራና ዳግም አንድ ግንብ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደተደራረቡ ማለት ነው። በዚህ መንገድ በክብደት እስከ 95.6 ከመቶ አልኮል መድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ግን ውሃውና አልኮሉ አንድ ላይ ስለሚተኑ በእሳት ብቻ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ፋብሪካው ንጽሕና፣ ብዛትና አንድ ዓይነትነት ይሰጣል፤ ይህን ጓዳው አይችልም። ሥራው ግን ሌላ ሆነ ማለት አይደለም። ብሪታንያ ስለ ስኮትላንድ ውስኪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ደንብ የአንድ ቤት የብቅል ውስኪ የሚባለው በጋን የወጣ መሆን እንዳለበት ደንግጋለች። ጋን እሳት ላይ ጥዶ ማውጣት ዲስቲለሪ የማያሰኝ ቢሆን ኖሮ በዓለም የታወቁት የስኮትላንድ ቤቶች ስማቸውን ባጡ ነበር።

የቤት አረቄ መርዝ ነው የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ ሕይወት ያለበት ነገር ነውና በጥንቃቄ ልመልስለት። ዓይን የሚያጠፋውና የሚገድለው ሜታኖል ነው። ሜታኖል ድፍድፉ ያለ እሳት ሲፈላ የሚመጣው በዋናነት ፔክቲን ከተባለ በፍራፍሬ ከሚበዛ ነገር ነው፤ የእህል ድፍድፍ ከዚህ ያለው አነስተኛ ነው። መጀመሪያ የሚወርደውን ጥቂት ከደፉ ሜታኖሉ በሙሉ ይሄዳል የሚባለውም ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው ፍሳሽ መለየት የሚገባው አሴታልዲሃይድና ሌሎች ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ነገሮች ስለሚበዙበት ነው፤ ሜታኖል ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተበትኖ ይወርዳል። በዓለም ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የጨረሱ የመጠጥ መመረዞች ብዙውን ጊዜ የመጡት ለኢንዱስትሪ የተሠራ ሜታኖል ሆነ ተብሎ ስለተቀላቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ብዙ ሰው የገደለው መጠጥ በጠርሙስ የታሸገ ነበር፤ መንግሥት በመላ አገሪቱ ከ20 ከመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሽያጭ እስከ መከልከል ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በስውር የሚያወጡ ሰዎች የመኪና ራዲያተርን ማቀዝቀዣ አድርገው ጠጪውን በእርሳስ ይመርዙ ነበር። ሁለቱም ጉዳት የመጣው ማንም ካልመረመረው ዕቃና ካልመረመረው ፈሳሽ ነው። የሥራ ስፍራ ነው ብለን ያልቆጠርነውን ጓዳ ደግሞ የሚመረምር የለም። አረቄው በእሳት ተሞክሮ ሲነድ ማየት ብርታቱ ከአንድ ልክ ማለፉን ይናገራል፣ ስንት ከመቶ እንደሆነ ግን አይናገርም። ብሪታንያ የሳይክስን የአልኮል መለኪያ በሕግ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1816 ነው። ይህ መለኪያ ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፍ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ለአንዲት አረቄ አውጪ ማኅበር የማይደረስበት አይደለም።

ሌላው የሚነሣው ተቃውሞ የሕሊና ነው፤ አረቄ ቤት ያፈርሳል፣ ለዚህ ነገር የክብር ስም መፈለግ ለምን አስፈለገ የሚል። ለዚህ ጥያቄ ትልቅ አክብሮት አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ፈጽሞ የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ብሎ አስታውቋል፤ ይህን የማለሳልስበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ስም መስጠት ማወደስ አይደለም። ስም ያለው ቤት ይቆጠራል፣ ይጠየቃል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ሸጠሃል ተብሎ ይከሰሳል። ያልተሰየመው ቤት ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ጉዳቱም ባለበት ይቀጥላል። በጓዳው የሚሠሩት ሴቶች አብዛኞቹ ልጅ የሚያሳድጉበት ሌላ ገቢ የሌላቸው መሆኑም አይረሳ። ያለ ጭስ ማስወጫ እሳት ላይ ሲውሉ ሳንባቸውንና ዓይናቸውን የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው። ሠራተኛ ተብለው ባለመቆጠራቸው ለሠራተኛ ከሚታሰበው ጥበቃ ውጭ ቀርተዋል።

ከሁሉም የበረታብኝ ግን የማገዶው ተቃውሞ ነው። አርሲ ነገሌ ላይ የአረቄ ሥራ በአካባቢው ደን ላይ የሚያደርሰው ጫና በጥናት የተጠቆመ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። እሳቱ ለምን ያን ያህል እንጨት ይበላል? መልሱን የኬሚስትሪ ሊቁ ጆሴፍ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ በግላስጎው አግኝቶታል። ፈሳሽ ከፈላ በኋላ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ፣ ሙቀቱ አንዲት ዲግሪ ሳይጨምር፣ እጅግ ብዙ ስውር ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን 2,257 ኪሎጁል ያስፈልጋል፣ አንድ ኪሎ አልኮል ለማትነን ግን 840 ገደማ ይበቃል። ድፍድፉ በቀጠነ ቁጥር ለአንድ ሊትር አረቄ አብሮ የሚተነው ውሃ ይበዛል፤ ውሃው ደግሞ እንጨቱን ይጨርሳል። ያ ሁሉ ሙቀት መጨረሻ የሚገባው ማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ይደፋል። የኮፊ ዓምድ ነዳጅ የቆጠበው ወደ ውስጥ የሚገባው ቀዝቃዛ ድፍድፍ በሚወጣው ትኩስ እንፋሎት እንዲሞቅ ስላደረገ ነው። ይህን ብልሃት ወደ ጓዳ ማምጣት፣ ማለትም እሳቱን የሚሸፍን ምድጃ መሥራትና የሞቀውን ውሃ ለሚቀጥለው ጥንስስ መጠቀም፣ ትልቅ ገንዘብ አይፈልግም። ከምህንድስና ትምህርት ቤቶቻችን አንዱ ለአንድ ዓመት ቢያተኩርበት ውጤት የሚያይበት ጉዳይ ነው። ያላተኮረበት ጓዳውን የምርት ስፍራ አድርጎ ስላላየው ይመስለኛል።

በመጨረሻ የስሙ ጉዳይ ይቀራል። ጠላ ቤትና ጠጅ ቤት እንደምንል ሁሉ «አረቄ ቤት» ስንል የሚጠጣበትን ቤት ማለታችን ነው። የሚወጣበት ቤት ግን በአማርኛ የታወቀ ስም የለውም፤ ወይ ፋብሪካ ነው ወይ ምንም አይደለም። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራውን የአሰቡን የነዳጅ ተቋም «ማጣሪያ» ብለን ሰየምነው፤ ዋና ሥራው ድፍድፉን ዘይት አፍልቶ እንደየመፍያው መጠን መለየት ስለነበር እርሱም በሥራው ዲስቲለሪ ነበር። ድፍድፍ ዘይት የሚለውን ቃል ከጠላና ከአረቄ መዋሳችንም ጥሩ ምስክር ነው። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ ኤታኖል የሚወጣበትም ክፍል እንዲሁ ነው፤ ምርቱ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በመኪና ተነድቷል። ነዳጁ ማጣሪያ ካገኘ ለአረቄው የማቀርበው ስም «ማውጫ» ነው። ቃሉ በመጽሐፍ መጀመሪያ የምናገኘውን የርእሶች ዝርዝር ስለሚያመለክት ይምታታል የሚል ካለ «አረቄ ማውጫ» ሲባል አይምታታም። እንዲህ ያለው የአማርኛ ቃል ዕቃንም ስፍራንም በአንድነት ስለሚሰይም እንስራውንና ሸምበቆውን፣ ጓዳውንና ፋብሪካውን ሁሉ ያለ ልዩነት ይይዛቸዋል። የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት የፈቃድ ቅጽ ሲያዘጋጅ «የሥራው ዓይነት» ከሚለው አጠገብ ይህ ቃል ሊጻፍ ይችላል፤ በዚያው ቅጽ ላይም ስለ መቀበያው ዕቃ፣ ስለ መለኪያው፣ ስለ ምድጃውና ስለ ጭስ ማስወጫው አራት ጥያቄዎች ይከተላሉ።